አማላጁ ሳሞ

ከዋጋዱጉ ወጣ ባለች አንዲት የሞሲ ጎሳ መንደር፣ ከቲጋ ኢልቡዶ ግቢ ደስታ የተሰደደው ልጁ ታላቶ እጅግ በከበረችበት ዘመን ነበር። ታላቶ ከፀሐይ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ኩባንያ የበላይ ሥራ አስኪያጅ በሆነች ጊዜ ያልተደሰተ ዘመድ አልነበረም። ነገር ግን ለማመንጫው የተመረጠው ሜዳ እናቷ ፖኮ ከልጅነቷ ጀምራ ቅቤ የሚወጣው ፍሬ የለቀመችባቸውን የካሪቴ ዛፎች አቅፎ ተገኘ። ታላቶ «የወላጆቼን ዛፍ ብምር ለሌላው ባለመሬት ምን እመልሳለሁ?» ብላ እንዲቆረጡ አዘዘች፤ ለቤተሰቧም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ወየው! ፖኮ ጉቶዎቹን ካየችበት ቀን አንሥቶ እህል ከአፏ አልገባም፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ቲጋም በመቃብሯ አፋፍ ቆሞ «ሴት ልጅ የለኝም» አለ...

ታላቶ የወረዳውን ገዥ አማላጅ አድርጋ ብትመጣ ተባረረች፤ ሽማግሌ ብትልክ የሚሰማት አጣች። ስንቱ ሹም ተነሥቶ የሚቀበላት ሴት በአባቷ ደጅ እንደ ባዳ መቆሟ ምንኛ ያንገበግባል!

ከዚያ ሁሉ በኋላ ቲጋ አንጀቱ ታጥፎ ወደቀ። ወደ ቤቱ የተጠራው የጤና ጣቢያው አስታማሚ «ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይሞታል» አለ። ታላቶ ይህን ሰምታ መኪናዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ከነፈች። አባቷ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በእሷ መኪና ከምሄድ እዚሁ ልሙት!»

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ጎረቤት ዜርቦ ገባ። ዜርቦ የሳሞ ጎሳ ሰው ነው፤ ሳሞና ሞሲ ደግሞ በአባቶች ልማድ በቀልድ እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፤ አንዱ ሌላውን «አሽከሬ» ይላል፤ አንዱ የለመነውንም ሌላው እምቢ ማለት ነውር ነው። በሽተኛውን ገፋ አድርጎ ከጎኑ ተጋደመና ነጠላ ጨርቅ ተከናነበ።

«ጠጋ በል፣ አንተ አህያ በላ! ዛሬ ሟቹ እኔ ነኝ።»

«ውጣልኝ... ውሻ በላ! አሁን ይቀለዳል?»

«አሽከሬ ሳላሰናብተው ይሞታል እንዴ? ልጅቷን ማራት! ሳሞ ለምኖህ እምቢ ካልህ፣ ሞሲነትህን ዛሬውኑ አስረክበኝ!»

ቲጋን ሕመሙ እያሠቃየው ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«ታላቶ...»

«አቤት፣ አባባ!»

«ለምን ሳትነግሪን ቆረጥሽ? ብትነግሪን እኮ እናትሽ ዛፎቿን ትሰናበት ነበር።»

«ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው... ፈርቼ፣ አባባ!» ብላ እግሩ ላይ ተደፋች።

ቲጋ እጁን በራሷ ላይ አኖረ። «በይ... አንሺኝ።»

ዜርቦ ከምንጣፉ ዘሎ ተነሣ። «ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አሽከር ከኋላ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በከተማው ሆስፒታል ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቶ «ተርፏል» አለ። ታላቶ በኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ለእናቷ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። በማግስቱ ቲጋ ሾርባውን ከእጇ ተቀብሎ ጠጣና «ጨው አንሶታል» ብሎ ተቆጣት። ስትቆጣ የሰማት ሁሉ የሚርበተበትላት ያች ሴት፣ ቁጣውን እንደ ምርቃት ተቀበለችው። ፖኮን የሚመልስ ኃይል ከወዴት ይገኛል? ዕድል የወሰደችውን አትመልስም። ነገር ግን አንዳንዴ ሁለተኛውን ሰው ሳትወስድ እጇን ትሰበስባለች... ለዚያች ቤት ይህ በቂ ነበር።