ራሱ የሚዘጋው የዶሮ ቤት በር

«የቱን ልግጠመው? ቶሎ በል እንጂ!» አለች ናጅዋ፣ ብሎኑን በከንፈሯ እንደያዘች።

አማን ከዶሮ ቤቱ ፊት ተንበርክኮ ሁለቱን በሮች አየ። አንደኛው ዶሮዋ ጣውላ ስትረግጥ ወደ ላይ የሚነሳ ነው። ሁለተኛውን የጎረቤቱ ልጅ ናጅዋ በወንድሟ የጥገና ሱቅ ከሞተ ዲቪዲ ሞተር ፈትታ፣ ከሶላር አምፖል ጋር አጋብታ ሠርታዋለች። ብርሃን ሲያይ ይከፈታል፤ ሲጨልም ይዘጋል።

«ጣውላውን ዶሮዎቹ እስኪለምዱት ሳምንት ይፈጃል» አለች። «ሸለምጥማጥ ግን በአንድ ቀን ይገባዋል። ከአንተ ፈጣን ነው።»

«በይ የሶላሩን ግጠሚ!»

ሳምንት ከየት ይመጣል? ነሐሴ ነው። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ባጓራ ቁጥር የመርሳ ከተማ ቆርቆሮ ሁሉ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። እናቱ ትንሿን እህቱን ይዛ ደሴ ገብታለች። አማን የቀረው አያቱን፣ አባባ ኢስሐቅን፣ ይዞ እንዲከተላት ነበር። አባባ ግን ከጓሮው ንቅንቅ አልል አሉ።

«ሰው እግር አለው፣ ይሄዳል። ዶሮዎቼን ጠዋት ማን ይከፍትላቸዋል? ማታስ ማን ይዘጋላቸዋል?»

ነገ ጠዋት የሚወጣው አይሱዙ ምናልባት የመጨረሻው ነው ተብሏል።

አማን ስለ በሩ ለአያቱ ሲያወራ፣ እንደ ልማዱ፣ ትንሽ ጨመር አድርጎበታል። ሐራ ያለ አንድ ሰውዬ እንዲህ ያለ በር ቢገጥም፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ወጥተው፣ እንቁላላቸውን ገበያ ሸጠው፣ ከመግሪብ በፊት ቤታቸው ይገባሉ አላቸው።

«ከገዢ ጋር የሚከራከረው ማነው?» አሉ አባባ።

«አውራው ነዋ! ድምፁን አይሰሙትም?»

አባባ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «አንተ የነገርከኝን አላምንም። ዓይኔ ያየውን አምናለሁ።»

ሊመሽ ሲል ዶሮዎቹ እየተጋፉ ገቡ። አባባ ለመግሪብ ውዱእ ያደረጉበትን ማሰሮ አስቀምጠው መጡና ቆሙ። ጨለም ሲል ሞተሩ «ጥዝዝዝ» አለና በሩ ቀስ ብሎ ወርዶ ተዘጋ።

«ያ አላህ!» አባባ አጎንብሰው በጣታቸው ገፉት። አልተነቃነቀም። «አሁን አመንኩ። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» ብለው ሊሰግዱ ገቡ።

አማንና ናጅዋ ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸው። ያኔ ከወልድያ የመጣ፣ ሰው እላዩ ላይ የተከመረበት መኪና በአስፋልቱ አለፈ። መብራቱ አጥሩን ጥሶ ዶሮ ቤቱ ላይ አረፈ።

ጥዝዝዝ። በሩ ተከፈተ።

አውራ ዶሮው የነጋ መስሎት ጮኸ። መኪናው ሲያልፍ በሩ ተዘጋ። ሌላ መኪና መጣ፤ ተከፈተ። አውራው እንደገና ጮኸ። ሰሞኑን ያ መንገድ ከመኪና አያርፍም።

«ዛሬስ ሳይተኛ ሊያነጋ ነው» አለ አማን። ናጅዋ አልሳቀችም።

«ሶላሩን ወደ ግድግዳው ብናዞረውስ?» አለ አማን እንደገና።

«ጠዋትም አይከፈትማ! ውስጥ እንደተዘጋባቸው ያልቃሉ።» መፍቻዋን መሬት ላይ ጣለች። «ንገራቸው፣ አማን።»

«ብነግራቸው ይቀራሉ።»

«ባትነግራቸው ዋሸሃቸው።»

«ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ?»

«ሲያምኑህ ግን የመጀመሪያቸው ነው።»

ጎህ ሲቀድ አማን ወደ ጓሮው ወጣ። በሩን ወደ ላይ ስቦ በሽቦ አሰረው፣ እንዳይወርድ። ተዘግቶባቸው በረሃብ ከሚያልቁ ከሸለምጥማጥ ጋር ይሯሯጡ ብሎ ነው። የቀረውን በቆሎ በተነላቸው፤ ውሃውን በጎድጓዳ ሳህን ሞላ። አንዷ ዶሮ ጫማውን ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ዝቅ ብሎ አላያትም።

«ተከፈተ?» አሉ አባባ ከደጅ ሆነው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው።

«ተከፍቷል፣ አባባ።»

ይህስ እውነት ነበር።

አይሱዙው ውርጌሳ ሲደርስ ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ናጅዋ ከወንድሟ አጠገብ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባባ ተነሡ፤ አንድ እግራቸውን የመኪናው ጠርዝ ላይ አድርገው ወደ መጡበት አዩ።

«አማን፣ ልጄ፣ ማታ ይዘጋል አይደል? የምትጠራጠር ከሆነ ንገረኝ። ከዚህ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ቅርብ ነው።»

አማን አፉን ከፈተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወሬው ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር፤ ስለሚያወራ በር፣ ሸለምጥማጥ ስለሚያስር አውራ ዶሮ። አሁን አንድም አልመጣለት። ናጅዋ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

«ይዘጋል፣ አባባ» አለ።

አባባ እግራቸውን መልሰው ተቀመጡ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አማን የአያቱን ኮት ጫፍ በጣቱ ጠቅልሎ ያዘ፤ ውጫሌን እስኪያልፉም አልለቀቀውም።