የዝንጀሮዎቹ ደብተር

እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ትምህርቴን «ሳይኮሎጂ» ትላለች፤ ቤት ውስጥ ግን «ይህቺ የዝንጀሮ ትምህርትሽ» ነበር የምትለው። አልፈርድባትም። በ1988 ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የተመለስኩት የመመረቂያ ጥናቴን ልሠራ ነው። የማጠናው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ በሚባለው መንደር ከሙዝና ከበቆሎ እርሻ እየገቡ የሚዘርፉትን ዝንጀሮዎች ነበር። ወንዱ ሴቷን እንዴት ይቀርባታል፣ ማን የማንን ጸጉር ይፈትሻል፣ ማን ማንን ያባርራል። አማካሪዬ ሲሸኙኝ «በየአምስት ደቂቃው ያየሽውን ጻፊ፤ ያሰብሽውን አትጻፊ» ብለውኛል።

የእርሻው ጠባቂ ኢሳያስ ይባላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ያልመጣለት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። የእሱ ሥራ በወንጭፍ ዝንጀሮ ማባረር ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን በዚህ ተጨቃጨቅን።

«እሺ፣ አንቺ ቁጠሪ፤ እኔ ከዚያ በኋላ አባርራለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ብቻ ቶሎ ቁጠሪ፤ በቆሎው እያለቀ ነው።»

እንዳለው ታገሠኝ። ቀስ በቀስም ከዝንጀሮዎቹ ጋር አስተዋወቀኝ። እኔ የመንጋው አለቃ ትልቁ ወንድ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ እሱ ሳቀብኝና መንጋው ወዴት እንደሚሄድ የምትወስነው ጆሮዋ የተቀደደው አሮጊት መሆኗን አሳየኝ። ልክ ነበር።

«እውነት ከእነዚህ መጣን ትላላችሁ?» ሲል አንድ ቀን ጠየቀኝ። መጽሐፍ ቅዱሱንና ወንጭፉን በአንድ ከረጢት የሚይዝ ጴንጤ ስለሆነ ክርክር ጠብቄ ነበር።

«ከእነሱ አልመጣንም። የሩቅ ዘመድ ነን ነው የሚባለው።»

«እሱስ ደስ ይላል» አለ። «ዘመድ ሲበዛ ምን ከፋ?»

ከዚያ ማንጎ ያመጣልኝ ጀመር። አጥቦ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ አጠገቤ ያስቀምጥና ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጣል። ሲያወራ የሚያየው ዛፎቹን ነው፤ ዝም ስንል ግን እኔን ያየኛል። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ያ ዝምታ ይናፍቀኝ ጀመር። ወድጄው ነበር። ይህንን ለራሴ እንኳ መንገር ፈራሁና የማውቀውን አደረግሁ፤ ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩ።

«ወንድ፣ ሃያ አራት ዓመት ገደማ። ለሴቷ ምግብ ያቀርባል፤ በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ሸሚዝ መቀያየር ታይቶበታል። ሌላ ወንድ (የሙዝ መኪናው ሾፌር) ወደ ሴቷ ሲጠጋ ተነሥቶ ይቆማል። ከወንዱ ዝንጀሮ ጋር ይነጻጸር።»

ስለ ሴቷ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። የጻፍኩትም በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠባቂ አያነበውም ብዬ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርንባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ መሆናቸውን እያወቅሁ! ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረብኝ። ቆጠራው እንዳይቋረጥ ደብተሩን ለኢሳያስ ትቼለት ሄድኩ። ያን ገጽ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

በማግሥቱ ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ቆጠራው አንድም ሳይዘለል፣ በየአምስት ደቂቃው፣ ከእኔ በሚያምር የእጅ ጽሑፍና በእንግሊዝኛ ተሞልቷል። እኔ በጻፍኩት ገጽ ላይ የነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ የሚለውን ሰርዞ አሥራ ሦስት አድርጎታል።

«ሁለቱን ረስተሻቸዋል» አለኝ።

«ኢሳያስ፣ እንዳሰብከው አይደለም...»

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ የእሷም እናት እንደዚያው። ሰው እንዳልሆንኩ በጋሞኛም በአማርኛም ተነግሮኛል። በእንግሊዝኛ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

አላወቅሁም ነበር። በእኛ አገር ማና ከሚባሉት ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ሌላው አይጋባም፤ ከቤታቸውም አይበላም፣ አይጠጣም። ቤታችን ወጥ የሚሠራበት ድስት ከእነሱ እጅ የተገዛ ነው፤ እናቴ ግን ከእነሱ ደጅ ውኃ አትቀምስም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ ከዚህ ሁሉ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ለአሥር ቀን ማንጎ አልመጣም። ሰላም ይለኛል፣ እስክቆጥር ይታገሠኛል፣ ከዚያ እርሻው ማዶ ሄዶ ይቀመጣል። በአሥራ አንደኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ተሻገርኩ። ገጹን ፊቱ ልቀደው ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይው። የጻፍሽው እውነት ነው፤ ማንጎውንም ሸሚዙንም አልክድም። ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ ግን ቤቴ መጥተሽ ጠይቂኝ።»

ቅዳሜ ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ከላንቴ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። እናቱ እማማ ወለቴ ጭቃ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጉንጬን ሳሙኝ። የምለውን መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር የመጣሁት፤ አፌን ሳልከፍት ግን ራሳቸው በሠሩት የሸክላ ኩባያ ትኩስ የገብስ አጥሚት አቀረቡልኝ።

«ጠጣ ልጄ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ እጄ መንገድ ላይ ቆመ። ማንም አልከለከለኝም፤ ምንም አላሰብኩም። ብቻ ቆመ። ኢሳያስ አየኝ።

እማማ ወለቴ ኩባያውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። እንዳላፍር ብለው ፈገግ አሉልኝ፤ እሱ ነው የገደለኝ።

«ግድ የለም» አሉና፣ እኔ እንድሰማ በአማርኛ፣ «ኢሳያስ፣ ለስላሳ አምጣለት» አሉት።

እንደ እኔ ያለ እንግዳ ወደ ማና ቤት ሲመጣ የሚቀርብለት ክዳኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ ነው፤ የቤቱ እጅ አልነካውማ። ኢሳያስ ወጣ። ሱቁ ሩቅ ነው፤ እስኪመለስ የምለው አይጠፋኝም ብዬ ተጽናናሁ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ግን ጠርሙሱን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

ጠርሙሱን አየሁ። እሱን አየሁ።

«መቼ ነው የገዛኸው?»

«ትናንት። ከተማ ወርጄ፣ ከሲቀላ» አለ። «ከቤቱ ጀርባ አስቀምጬው ነበር።»

«እጄ እንደሚቆም አውቀህ?»

«አዎ።» አንገቱን ደፋ። «ስለ እኔ ጻፍሽ ብዬ አሥር ቀን ኮረፍኩሽ። እኔ ግን ገና ደጄን ሳትረግጪ ስለ አንቺ ጽፌ ጨርሼ ነበር።»

እንዲህ አፍሮ አይቼው አላውቅም። እኔም በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ኩባያውን ከእማማ ወለቴ ፊት አንሥቼ ጠጣሁ።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያውን ጉሮሮዬ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያስዋጠኝ ፍቅር ሳይሆን ኀፍረት ነው። ምላሴንም አቃጠለኝ። ሁለተኛው ቀለል አለኝ። ሦስተኛውን የጠጣሁት ግን ዳገቱ አድክሞኝ፣ ርቦኝ፣ ደግሞም ጣፍጦኝ ነው።

«እማማ፣ ይጨምሩልኝ» አልኳቸው ባዶውን ኩባያ እየዘረጋሁ።

እማማ ወለቴ ልጃቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ድስቱን ወደ እኔ አስጠጉ። ኢሳያስ ጠርሙሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ምን ያቆምሃል?» አልኩት፣ የራሴ ቤት ይመስል። «ግባና ተቀመጥ እንጂ።»