በቀይ ክር የታሰረው ድስት

ልብስ ሰፊው በገዛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ግንባሩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ የብረት ዘነዘናው አጠገቡ ወድቋል፤ ደሙ ግድግዳውን አልፎ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። አፉ ውስጥ ዳቦ አለ። የሚስቱ የስንዴ ዱቄት ጆንያ ተቀዶ ሬሳውንም ዕቃውንም አልብሶታል።

«ዱቄቱ የተበተነው ሌባ የገባ ለማስመሰል ነው እንጂ ገዳዩ ታናሽ ወንድሙ ነው» አለ አስር አለቃው ቁርሱን እያላመጠ። «ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትናንት ተደባድበዋል። ሟች ደግሞ ስንዴ ከቀመሰ አንጀቱ የሚቆስል በሽተኛ ነበር። ገደለውና ዳቦ ጎሰጎሰበት። እኩለ ቀን ላይ ወደ እስር ቤት እንልከዋለን።»

ኢንስፔክተሯ ስለ በሽታው የሚያስረዳት አላስፈለጋትም። ሐኪም «ስንዴና ገብስ እስከ ዕድሜ ልክሽ» ብሎ ከከለከላት አራት ወሯ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ እናቷ የቀቀለችላት ድንች አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። ዳቦው ታኝኳል፤ በምራቅ ርሷል። የሟችን ኪስ ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ጫረች። ከዚያ ምድጃው ላይ እጀታው በቀይ ክር የታሰረ ድስት አየች። የተሸፈነበት ፎጣ ላይ ዱቄት ተከምሯል። ፎጣውን ስታነሣ፣ ከሥሩ ሩዙ ላይ ደም ተረጭቷል።

ዳቦ ጋጋሪው ሳሎን ውስጥ በካቴና ታስሯል፤ ፖሊሶቹ የመቱት ከንፈሩ አብጧል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ዳቦ አምጣልኝ አለኝ። ለእህታችን ለእታለም እነግርብሃለሁ ስለው በቦክስ ደረገመኝ። ማን ያምነኛል?»

«ውሸታም!» አለች ከበሩ አጠገብ የቆመችው የሟች ሚስት።

«ቀይ ክር ባለው፣ ስንዴ በማይነካው ድስት የምታበስይለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ከተጠጋሁ እታለም እጄን በማማሰያ ነው የምትለኝ! ያገባሁት እኔ፣ የምታበላው እሷ።»

እታለም የሚሏት የሟች ታላቅ እህት አንገቷን አልደፋችም። «ሲታመም ማስተማሬን ትቼ መጣሁ» አለች። «አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍርፋሪ በአፉ አልዞረችም።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ወጥ ቤት አስገባቻቸው። ከአስር አለቃው እጅ ከቁርሱ የተረፈውን ዳቦ ነጥቃ፣ ደም ያለበት ድስት ላይ መፈርፈር ጀመረች።

ሚስቲቱ ደሙ ላይ ፈዘዘች። ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ። የእታለም እጅ ግን ተወርውሮ ከምድጃው ጎን ያለውን ክዳን አነሣና ድስቱን ከደነ።



«ደሙ ከፎጣው ሥር ነው፤ ዱቄቱ ከፎጣው በላይ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ገዳዩ መጀመሪያ ሰውየውን ገደለ፣ ቀጥሎ ስንዴ እንዳይነካው ድስቱን ሸፈነ፣ ከዚያ ዱቄቱን በተነ። ለሞተ ሰው ምግብ የሚጠነቀቅ፣ እጁ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ብቻ ነው፤ አሁን የእታለም እጅ እንደቀደመ። ዳቦውንም የጎሰጎሰበት የለም፤ ሬሳ አያኝክም። ኪሱ ስፌት ውስጥ ደግሞ እንደ ድንጋይ የደረቀ አሮጌ ፍርፋሪ አለ። ልጁ እውነቱን ነው፤ ፍቱት።»

ሚስቲቱ እታለምን ጸጉሯን ጨምድዳ ከግድግዳ አላተመቻት። በግድ አላቀቋቸው።

«የሩዙን ድስት ከፍቼ ላቀርብለት ዞር ስል፣ እዚሁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዳቦ ይጎርሳል» አለች እታለም፣ ከአፍንጫዋ ደም እየወረደ። «ዞሮ አየኝና ሳቀ። ‹ከድሮም እኮ እበላለሁ፤ የደበቅኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው› አለኝ። ሆዱን ባመመው ቁጥር ጥፋቱ የኔ እየመሰለኝ ያንን ድስት ጥፍሬ እስኪነቀል ስፈትግ! ስንቴ እንደመታሁት አላውቅም። ጥርሱ ሲረግፍ እንኳ ዳቦውን አልተፋም።»

አስር አለቃው ካቴናውን አወጣ። እታለም ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

«ቆይ፣ ልጄ፣ የኪሱን ስፌት መፈተሽ እንዴት ታሰበሽ?»

ኢንስፔክተሯ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። እታለም የኢንስፔክተሯን የኮት ኪስ፣ ኪሱ ውስጥ የገባውን እጇን፣ ከቦርሳዋ ብቅ ያለውን የድንች ሳህን ተራ በተራ አየች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ውሰዷት» አለች ኢንስፔክተሯ፤ እጇን ግን ፍርፋሪ ከያዘው ኪሷ አላወጣችም።