የነጋሽ ሞትና ስድስቱ ቢጫ መስመሮች

ነጋሽ ሞቶ የተገኘው አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ውስጥ ከሚሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ፣ በገዛ መኪናው ውስጥ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ማሞቂያው ይነፍሳል፤ ለእረፍት ጋደም እንዳለ ጭስ ገደለው። ቀኑ በፈረንጅ 1998፣ ሰኞ፣ የጥምቀት ዕለት።

ጣት ሁሉ ወደ መካኒኩ ወደ መርዕድ ተቀሰረ። ቅዳሜ ለዚያ መኪና ሄደር፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣውን ቱቦ፣ የገጠመው እሱ ነበርና። መርዕድ ታከር ያለው ጋራዡ ውስጥ ሲቆጣ በጎረቤት ከተማ በሊልበርን ውሾች ይጮኻሉ፤ በዚያ ሳምንት ውሾቹ ከመጮህ ብዛት ድምፃቸው ተዘጋ።

የጋራዡ ኢንሹራንስ አያንቱን ላከ። አትላንታ ያደገች መርማሪ ናት፤ ጫማህን አይታ ትናንት ከማን ጋር እንደተጣላህ ትነግርሃለች።

«ሊሰን፣ ፖሊስ ሊያስርህ ነው» አለችው።

«‹አንተ› ደግሞ ትይኛለሽ! ስሚ፣ ሄደር አንዴ አጥብቀው የሚተዉት ነገር አይደለም። ሲግል ብሎኑ ይላላል። ደንበኞች ጥቂት ነድተው ይመልሱልኛል፤ ሁለት ሰዓት አበርደዋለሁ፤ ደግሜ አጠብቃለሁ። ከዚያ በየብሎኑ ላይ ቢጫ መስመር እሰምራለሁ። ነጋሽ ግን አልተመለሰም!»

«ኮፈኑን ከፍቻለሁ። ስድስቱም ብሎን ተሰምሮበታል።»

«እኔ አልሰመርኩም! ሰኞ ታቦት ሳጅብ ነው የዋልኩት፤ ሕዝብ ይመስክር!»

የጋራዡ ሸሪክ ተክሌ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሰኞ ዘግተን ነበር» አላት። «እኔ ነጋሽን ያየሁት ቅዳሜ ነው። ምስኪን! መጋዘኑ ሰው ቀርቶባቸው ‹በጊዜ ና› ቢሉት ተቻኩሎ ሄደ።»

የሟቹ ወንድም ገብረሕይወት ጥርሱን እያፋጨ ነበር የመለሰላት። «የደወሉለት ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ አጠገቤ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ሮጠ። ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ለቅሶ ላይ ምን ወሬ አለ? መርዕድን ብቻ አሳስሪልኝ!»

ሐሙስ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ በመኪናው ዙሪያ ቆሙ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዟል። አያንቱ አንዱን ብሎን በሁለት ጣቷ አዞረችው።

«እዩት! በመፍቻ ሳይሆን በጣት! በቱቦውና በሞተሩ መሃል ያለው ጋስኬት ዳር ጥላሸት አለ፤ ጭሱ በዚህ ወጥቶ በማሞቂያው ገባ። መስመሩ ግን ‹ጠብቋል› ይላል።»

«ታዲያ የሰመረው መርዕድ አይደል?» ጮኸ ገብረሕይወት።

«ቆይ! ቢጫው አረፋ አውጥቷል፤ የጋለ ብረት ላይ ነው የተቀባው። መርዕድ የሠራቸውን ሌሎች ሦስት መኪናዎች ቼክ አድርጌያለሁ፤ መስመሩ ለስላሳ ነው። እሱ ሳያበርድ አይሰምርም። የጋራዡ ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ፤ አንዱ ታቦት አጅቦ ውሏል።» ወደ ተክሌ ዞረች። «ቅዳሜ ነው ያየሁት ብለሃል። መጋዘኑ የደወለው ግን ሰኞ ነው። መቻኮሉን ማን ነገረህ?»

ተክሌ ካቴናውን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሰኞ ነጋሽ ከቤት ጠርቶ አስከፈተኝ! ‹ሁለት ሰዓት አልጠብቅም፣ ከሥራ ልታስባርረኝ ነው› እያለ ሰደበኝ! ይሂድልኝ ብዬ ሳላጠብቅ ሰመርኩለት!»

«እኔ በአንተ መስመር ልታሰር?» መርዕድ ደረቱን ገፋው። «የመኪናውን ቁልፍ ቀምተህ አትይዘውም ነበር? ይስደብህ! እናትህን ይስደብ! ዛሬም እዚህ ቆሞ በሰደበህ ነበር!»