የሰኞ ሕመም

«በቃ! አለቀ!» የሽቦ እናት ጠረጴዛውን በልብስ መቀሷ ደበደበች። «ሃያ ደቂቃ ነው የተባለው፤ ሃያ አንድ ሆነ።»

«እማዬ፣ ገና መግቢያው ላይ ነኝ እኮ!» አለች ትልቋ ልጇ።

«እንግዲያው መግቢያውን አሳጥሪው። ሱሪ ሲረዝም ምን ይደረጋል?»

ሽቦ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። ሽቦ ያሰኘው ቅጥነቱ ነው። ዕድሜው አሥራ አራት ነው፤ ዛሬ ግን የእናቱን የስፌት መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ «ክፉው ፕሮፌሰር» ሆኗል። ሹመቱን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ናት። ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጀማሪ ተመራማሪነት ትወዳደራለች፤ ጥናቷን አቅርባ አምስት ፕሮፌሰሮች የሚወረውሩላትን ጥያቄ መመለስ አለባት። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ አዳራሽ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ እናቱ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥራ ሰዓት ጠባቂ ሆናለች። አያቱ የክብር እንግዳ ናቸው። ሽቦን ለኳስ ሊጠራ የመጣው ጓደኛው ጎማ ደግሞ በር ላይ ተይዞ «ሕዝብ» ተደርጓል።

እህቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው በኢኮኖሚክስ ነው። ሁለተኛውን ወረቀቱ «በጤና ኢኮኖሚክስ» ይላል፤ እናቷ ግን ለጎረቤት ስታወራ «በእንቅልፍ እጦት ነው የያዘችው» ትላለች። ለአያቱ ነገሩ እስካሁን አልተዋጠላቸውም።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም እማማ።»

«ገንዘብ ያዥ?»

«እሱንም አይደለሁም።»

«ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ጤና ጣቢያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«ሰው ሲታመም ምን ምን እንደሚያጣ ነው የማጠናው። መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። ተራ ሲጠብቅ የሚባክንበትን ጊዜ፣ ያልሠራውን ሥራ፣ የቀረበትን ትምህርት። ጊዜም ዋጋ አለው።»

«ይህንንማ ወረፋ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል» አሉ አያቱ። «ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል?»

ሕዝብ አጨበጨበ።

ክፉው ፕሮፌሰር እጁን አወጣ። «ጥያቄ አለኝ። አንድ ኢኮኖሚስት ጉንፋን ሲይዘው በቀን ስንቴ ያስነጥሰዋል? በአማካይ?»

«ወደሚቀጥለው!» አለች እህቱ እየሳቀች፤ ኮምፒውተሩን ነካ አደረገች።

ነጩ ጨርቅ ላይ አምስት ዓምዶች ብቅ አሉ። አራቱ አጫጭር ናቸው። የሰኞው ግን በፍየሎች መሃል እንደቆመ ቀጭኔ አንገቱን አስግጓል።

«ዋናው ግኝቴ ይሄ ነው።» ዓይኗ በራ። «ጤና ጣቢያው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተራ ቁጥር ያድላል። ቁጥር የሚወስድ ሰው ሁሉ ዕድሜውና ፆታው ይመዘገባል። የስድስት ወሩን መዝገብ አንድ በአንድ ገለበጥኩት። በሌላው ቀን ታዳጊዎቹ ከመቶ አራት ቢሆኑ ነው። ሰኞ ግን ሠላሳ አንድ! ስሙን ‹የሰኞ ሕመም› ብዬዋለሁ። እነዚህ ልጆች ሳምንቱ ሲጀምር አንዳች የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ለታዳጊዎች ብቻ የሚሆን ክፍል እንዲከፈት ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ውይ የሰው ልጅ!» እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ምን አግኝቷቸው ይሆን?»

የሽቦ መነጽር አፍንጫው ላይ ተንሸራተተ። ጎማ እግሩን ረገጠው። ምን እንዳገኛቸው ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ያገኛቸው ፊዚክስ ነው።

በየሳምንቱ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ፈተና ነው። የሰፈሩ አዛውንት የደም ግፊት ክትትልም ሰኞ ነው። አዛውንቱ በዚያ ብርድ ማልደው መሰለፍ ስለማይችሉ ልጆች ተራ ይይዙላቸዋል፤ ሽቦ ለአያቱ፣ ጎማ ለቤት አከራያቸው። መዝጋቢው የታመመው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ፊቱ የቆመውን ሰው ዕድሜና ፆታ ጽፎ ማህተሙን ይመታል። ቁጥሩና ማህተሙ ሁለት ጊዜ ያለበት ወረቀት ለሁለት ይቀደዳል። በአንዱ ግማሽ አያቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪም ዘንድ ይገባሉ። ሌላውን ሽቦ ኳስ ሜዳ ሲራገጥ ቆይቶ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያሳያል። ማህተም ያለው ሕመም! ፈተናውን ማክሰኞ ይወስዳሉ፤ ያውም ምን እንደወጣ ሰምተው። ዘዴው ከሁለት ልጅ ተነስቶ ዛሬ ግማሽ ክፍል አዳርሷል።

እህቱ ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ሁለቱ ልጆች ግቢው ውስጥ ተገናኙ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለ ጎማ በሹክሹክታ። «እንዴት ደስ እንዳላት አላየህም? ለምን ታበላሽባታለህ?»

«ረቡዕ ቢጠይቋትስ? እዚያ እውነተኛ ክፉ ፕሮፌሰር ይኖራል እኮ።»

«እሱ ወረፋ የት ያውቃል!»

«ክፍሉ ቢከፈትስ? ሐኪሙ ቁጭ ብሎ እኛን ሲጠብቅ...»

«እኛ ኳስ ሜዳ።» ጎማ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ኮስተር አለ። «አቦ፣ ከተናገርክ ግማሽ ክፍል ነው ለቅጣት የምታስበላው። እኔንም ጭምር። ጀለስህ፣ ጓደኛህ አይደለሁም?»

ሽቦ በመስኮቱ ወደ ሳሎኑ አየ። እህቱ መዝገብ ስትገለብጥ ውላ ዓይኗ ቀልቶ የምትገባበትን ምሽት አሰበ። እዚያ መዝገብ ላይ «አሥራ አራት፣ ወንድ» ከሚሉት አሥራ አንዱ እሱ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ስለማታውቀው ልጅ ስትጨነቅ የከረመችው፣ ለካ ስለ እሱ ኖሯል።

ሲመለሱ እህቱ ጨርቁ አጠገብ ቆማለች። «ክፉው ፕሮፌሰር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን ግን የምር ይሁን።»

ሽቦ መነጽሩን አወለቀ። «ልጆቹን ምን እንዳመማቸው ጠይቀሻቸዋል?»

«መዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜና ፆታ ነው። ልጆቹን ከየት አገኛቸዋለሁ?»

ተነስቶ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አመጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አራገፈው። አሥራ አንድ ግማሽ ወረቀቶች ከነማህተማቸው ተበተኑ።

«አንዱ እዚህ አለ» አለ።

ጎማ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። «ሕዝቡም አለበት።»

ሽቦ ሁሉንም ተናገረ። ሲጨርስ መጀመሪያ የሳቁት አያቱ ናቸው። «እኔ ደግሞ ለእኔ ብሎ በብርድ የሚነሳ መስሎኝ ስመርቀው ከረምኩ!»

«ለእርስዎም ነው እማማ። ግማሹ።»

«ሌላውን ግማሽ እኔ አሳይሃለሁ» አለች እናቱ።

እህቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እጇን ስታነሳ ግን እንባዋ የሳቅ ነበር።

«ክፍል ላስከፍትላችሁ ነበር እኮ! አልጋ ያለው!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ድንገት ገታችው። «ቆይ ቆይ... ተራ የሚያዝላቸው አዛውንት ስንት ናቸው? የሚይዝላቸው ልጅ የሌላቸውስ?»

«ኧረ ስንቱ!» አሉ አያቱ።

«ይሄ እኮ ይበልጣል! ችግሩ ልጆቹ ሳይሆኑ ቁጥር የሚታደልበት ሰዓት ነው! እስከ ረቡዕ እደርሳለሁ።» እስክሪብቶ ፍለጋ ሶፋውን ገለበጠችው። «ሰኞ ወረፋው ላይ ሆናችሁ ማን ለማን ተራ እንደያዘ ትመዘግቡልኛላችሁ። እስከ አራት ሰዓት። ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

የጎማ ፊት እንደ አምፖል በራ። «ደብዳቤው ማህተም ይኖረዋል?»

ሽቦ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ለእህቱ ሰጣት። «እኔ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እመዘግባለሁ» አለ። «ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደብዳቤው ይቅር።»

ሰኞ ማለዳ ተራ የተያዘላቸውን አሥራ ዘጠኝ አዛውንት መዘገበ፤ ለአያቱ ቁጥራቸውን አድርሶ ሮጠ። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወረቀትህ የታል?»

«የለኝም ጋሼ።»

ዘበኛው ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆሞ እንደሆን ብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። «ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን አላመመኝም።»

ከኋላው ጎማ እያለከለከ ደረሰ። «ጠብቀኝ አንተ! ፍጥነትና ፍጥንጥነት ልዩነታቸው ምን ነበር?»

ሽቦም አላስታወሰውም። ሁለቱም ገቡ።