በአምስት ሰዓት የተጫወተው ማን ነበር?

ሰውየው የተገኘው ወንበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ወረቀት መጫኛ የሚያደርገው ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል፤ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት መርማሪ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ፣ የሚታሰረው ሰው ከወዲሁ ተመርጦ ነበር። የሟቹ ታናሽ እህት።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ወንድምየው የስልክ ጨዋታ ይሠራል፤ በሌላው እህቱ ትስልለታለች። ጨዋታው ተኩስም የመኪና ውድድርም የለበትም። አንዲት ልጅ የሰፈሯ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ትገባለች፤ ተጫዋቹ ወረፋ ያስከብርላታል፣ ለሚገጥማት ጥያቄ መልስ ይመርጥላታል። ከተሳሳተ አያልፍም። ጥያቄዎቹን የሚያወጣው ጡረታ የወጣ የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ በልጆች የሚያስሞክረውም እሱ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ደግሞ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ፣ «መነጽሩ» የሚሉት ቀጭን ሰው ነው።

እህትየዋን ያስጠረጠራት ራሱ ጨዋታው ነው። እያንዳንዱን ምርጫ ከነስሙና ከነሰዓቱ ይመዘግባል። በሟቹ ስም ከአምስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ጨዋታ ተመዝግቧል፤ እንግዲያው እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መነጽሩ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር፤ መምህሩ ከአራት ተኩል ጀምሮ ሃያ ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ። ቤት ውስጥ የነበረችው እህቱ ብቻ ናት።

«ሰባት ሰዓት ላይ እስክታገኚው ድረስ ለምን በሩን አልከፈትሽም?» አለቻት መርማሪዋ።

«ተኮራርፈን ነበር። ጠዋት አንድ ስዕል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ተናድጄ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ዝግ ነው፤ እሱ ይለምነኝ ብዬ እኔም በሬን ዘጋሁ።» ጣቷ ላይ የደረቀውን ቀለም ትፍቃለች። «ሳንታረቅ ሞተብኝ።»

«የምን ስዕል ነው?»

«ልጅቷ ጉባኤ ፊት ቆማ ስትናገር።»

መርማሪዋ አላመነቻትም፤ ሥራዋ ማንንም አለማመን ነውና። ግን የምትዋሽ ሴት የተሻለ ምክንያት አታጣም ነበር ስትል አሰበች። አለቃዋ ደውሎ እስከ አሥር ሰዓት እህትየዋን ይዛ እንድትመጣ አዘዛት።

መምህሩ ጨዋ ሰው ነው። ዛሬ ወደዚህ ቤት ዝር እንዳላለ፣ ስብሰባውም አሰልቺ ስለነበር ስልኩን ሲነካካ እንዳረፈደ ነገራት። ለእህትየዋም አዘነላት። «ልጄ፣ ክፉ አይደለችም፤ ንዴቷ ብቻ ነው» አለ። እንዲህ ያለ አዛኝ ገመድ ያጠብቃል እንጂ አያላላም፤ መርማሪዋም ይህን ልብ አለች።

መነጽሩ የጨዋታውን መዝገብ ከፈተላት። የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን አስደረደረችው።

«ትናንት ሟቹ የጨዋታዋን ልጅ ግድግዳ ላይ ሲያጋጫት ነው የዋለው። ለምን?»

«ሠሪ የሚጫወተው ሊያሸንፍ አይደለም፤ የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ነው። እሱ አንድም ቀን በሰላም ተጫውቶ አያውቅም።»

የዛሬው ተጫዋች አንዴም ከግድግዳ አልተጋጨም። ቀጥ ብሎ ሄዷል፣ አራት ጥያቄ በትክክል መልሷል። አምስተኛው ላይ ያንኑ አንድ መልስ አራት ጊዜ መረጠ፤ አራቴም ስህተት ነው።

«የዚህ ጥያቄ መልስ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ዛሬ ሦስት ተኩል ላይ ደውሎ አስቀየረኝ» አለ መነጽሩ። ያኔ መርማሪዋ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ሲጫወቱ የተመዘገበውንም ጠየቀችው። ሲፈልግ ቆይቶ ቀና ብሎ አያት። ምንም አልነበረም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሦስቱንም ሟቹ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«የሟቹ የይለፍ ቃል እዚህ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእሱ ስም ገብቶ በስልክ ለመጫወት እዚህ መሆን አያስፈልግም፤ ስብሰባ ላይም ይቻላል። በአምስት ሰዓት የተጫወተው ሟቹ አልነበረም። ያ ሰው ጨዋታውን ሊሰብር አልሞከረም፤ በዚያ ላይ የአምስተኛው ጥያቄ መልስ መቀየሩን አያውቅም። ሟቹ ራሱ ነው ያስቀየረው። መነጽሩ ነው የቀየረው። ለአዲሱ መልስ የሚሆነውን ስዕል ሦስት ጊዜ የሳለችው እህቱ ናት። ያልሰማ አንድ ሰው ነው የቀረው።»

መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ያልተጠገነውን ቧንቧ ተጠገነ ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ ልጅቷ ምን ታድርግ? የእርስዎ መልስ ‹ለብቻው ትምከረው› ነበር፤ አዲሱ ‹ጉባኤ ፊት ቆማ ትናገር› ነው። አራት መቶ ልጆች ጨዋታውን እንደሞከሩ ለሟቹ ሪፖርት ጽፈዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን አንድም ልጅ አልተጫወተም።»

እህትየዋ ቀና አለች። «ባለፈው ሳምንት በር ዘግተው አወሩ። መምህር ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር።»

«ያኔ መከረዎት» አለች መርማሪዋ። «ሳምንት ጠበቀ፤ አላረሙም። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሲመጡ በአደባባይ እንደሚናገር ነገረዎት፤ ድንጋዩን አነሱ። ስልክዎን ይስጡኝ።»

መምህሩ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጨዋታው አልተዘጋም። ልጅቷ አምስተኛው ጥያቄ ፊት ቆማለች፤ ከራሷ በላይ «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል።

«መልሱ ግን ልክ ነበር» አለ መምህሩ ድምፁ እየተሰበረ። «አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው በአደባባይ አይዋረድም።»

«እሱም መጀመሪያ የእርስዎን መልስ ነው የሞከረው» አለች መርማሪዋ።

መምህሩን ይዘውት ሲወጡ እህትየዋ ወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሦስቱን ስዕሎች ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጀመሪያው ልጅቷ ትጮሃለች፣ በሁለተኛው ታለቅሳለች። በሦስተኛው ዝም ብላ ቆማ ሰዎቹን ታያለች።

«ሦስተኛው ይሻላል» አለች ለራሷ። «ልክ ነበር።»