የቁንጮ ሰኮናና የእናናየሁ ቃል

እናናየሁ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አንኮበር ነው፤ ከደብሩ ቅጥር ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት። ዘመኑ አሥራ ስምንት መቶ ሰባዎቹ ነው። ልጆች፣ ያን ጊዜ መኪና የለም። ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ እግሩ እንቢ ያለው ደግሞ በበቅሎ ወይም በፈረስ።

የእናናየሁ አያት መሪጌታ ወልደአረጋይ እግራቸው እንቢ ብሏቸዋል። ቁርጥማት ይዟቸዋል። ደግነቱ ቁንጮ የሚባል ፈረስ አላቸው። ቁንጮ ድንክ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «መሪጌታ፣ ይኼ ፈረስ ነው ወይስ ፍየል?» እያለ ያሾፍባቸዋል። እሳቸውም «እናንተ በየፈረሳችሁ ላይ ስትንጠላጠሉ እኔ ደብር ደርሻለሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በቁንጮ ጀርባ በየማለዳው ደብር ይወጣሉ፤ ዜማ ያስተምራሉ።

ማታ ቁንጮ ሲገባ የእናናየሁ ሥራ ይጀምራል። አራቱን እግሮቹን ተራ በተራ ታነሣለች። ሰኮናውን በሹል እንጨት እየፈለፈለች ጭቃውንና ጠጠሩን ታወጣለች። በዚያ መንገድ ባልጩት ይበዛል። ባልጩት ታውቃላችሁ? ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ሥራዋን ስትጨርስ አያቷ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋታል።

«ሰኮናውን አየሽው?»

«አየሁት፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ አይጠይቁም። ቃሏ ይበቃቸዋል።

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል የሰፈሩ ልጃገረዶች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ዘፈን መለማመድ ጀመሩ። አንድ ቀን ጓደኛዋ ደመቀች በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«እናናየሁ! ነይ እንጂ! ከበሮው ተገኘ እኮ!»

«ቆይ፣ የቁንጮን እግር ላጽዳ።»

«ቁንጮ የት ይሄዳል? ነገ ታጸጂዋለሽ!»

እናናየሁ ቁንጮን አየችው። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሷ እንጨቱን ጥላ ሮጠች።

ስትመለስ አያቷ እንደ ልማዳቸው «ሰኮናውን አየሽው?» አሏት።

«አየሁት፣ አባባ።»

ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። በማግሥቱም እንዲሁ ሮጠች፤ እንዲሁም መለሰች። ያን ጊዜ ግን ምንም አልተሰነቀረባትም። ውሸት እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ ታንቃለች፣ ኋላ ትለሰልሳለች።

በዚያው ቀን እትዬ ይመኙሻል እንስራ አዝላ በደጃቸው አልፋ ነበር። ይመኙሻል ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሕፃናት ብቻዋን ታሳድጋለች። ቁንጮን ስታይ ሳቋ መጣ። «አቤት ማማሩ! አፈር ለውሼ ለልጆቼ እንዲህ ያለ ፈረስ ብሠራላቸው!» አለች። ጎረቤትየዋ ወይዘሮ አልታየች ይህን ሰማች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሸክላ ሠሪን ይፈራ ነበር፤ «ዓይኗ ይበላል» ይል ነበር። ከንቱ ወሬ ነው፤ ከንቱ ወሬም ግን ሰው ይጎዳል።

ሲነጋ ቁንጮ በሦስት እግሩ ቆሞ ተገኘ። የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ሊያስነካ አልቻለም። ላብ አጥምቆታል፤ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ዓይን ነው!» ብላ ጮኸች አልታየች። «ይመኙሻል ትናንት ስታደንቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«እስቲ አትቸኩሉ፤ ሰኮናው ይሆናል» አሉ መሪጌታ። ወደ እናናየሁ ዞሩ። «ልጄ፣ ማታ ሰኮናውን አይተሽዋል?»

ሰው ሁሉ አያት። ፊቷ ጋለ።

«አ... አየሁት፣ አባባ።»

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያስ ሰኮናው አይደለም። እናናየሁ አይታዋለች።»

እናናየሁ እፎይ አለች። ልጆች፣ እንዲህ ያለውን እፎይታ አትመኙት። አያቷ አምነዋት ሰኮናውን ሳይመለከቱ ቀሩ፤ ጥፋቱም ሁሉ በይመኙሻል ላይ ወደቀ። ገበያ ላይ ሸክላዋን የሚገዛት ጠፋ። ሰላምታ የሚሰጣት ታጣ። ሽማግሌዎቹም «እሑድ ከወይራው ሥር እንቀመጥና ከሰፈር ትውጣልን» ተባባሉ። ዝናቡ ገና አላባራም። ሁለት ሕፃናት ይዛ ወዴት ትሄዳለች?

እሑድ ጠዋት እናናየሁ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ይመኙሻል ምንጩ አጠገብ ጎንበስ ብላ የተሰበረ እንስራዋን ትለቅማለች። ሰው በድንጋይ ሰብሮባታል።

«ፈረሱ ተሻለው?» አለቻት ቀና ሳትል።

«አልተሻለውም።»

«ምስኪን! መጥቼ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ማን ያስጠጋኛል?»

እናናየሁ እንስራዋን እዚያው ትታ ዳገቱን ሮጠች። ሽማግሌዎቹ ከመሪጌታ ጋር ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። በአያቷ እግር ላይ ተደፋች።

«አባባ፣ አላየሁትም! ለመዝፈን ሄጄ ሰኮናውን አላየሁትም። ዋሸሁ! እትዬ ይመኙሻል ምንም አላደረጉም!»

መሪጌታ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና «ፈረሱን አምጡልኝ» አሉ።

ቁንጮ እያነከሰ መጣ። ሁለት ሰዎች እግሩን ያዙለት። ሰኮናው እንደ ምጣድ ግሏል። መሪጌታ ጭቃውን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉ፤ ከሥሩ ጥቁር ነጥብ ታየች። ቀስ ብለው ቆፈር ሲያደርጓት የጥፍር ስባሪ የምታህል ባልጩት ወጣች። ከኋላዋ መግሉ ፈሰሰ።

ቁንጮ ጆሮውን አራገፈ፤ በአፍንጫው እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ቀስ አድርጎም እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ።

መሪጌታ ባልጩቷን በመዳፋቸው ይዘው ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። «የበላው ዓይን ይኸውላችሁ!»

አልታየች በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ያን ዕለት እናናየሁ እንደ አባቶች ልማድ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ወደ ይመኙሻል ደጅ ሄዳ ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹና አልታየችም አንገታቸውን ደፍተው ከኋላዋ ቆሙ።

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ።»

ይመኙሻል እንባዋን ጠረገች፤ ሁሉንም አየቻቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አለች። ወዲያው ድንጋዩን ከልጅቷ ላይ አወረደችው። «ለቁንጮ የገባችው አልበቃ ብላ አንቺም ድንጋይ ትሸከሚ?»

ከዚያ ሰፊ የሸክላ ድስት ይዛ ከእነሱ ጋር ወጣች። ለብ ያለ ውኃ በጨው በጥብጠው የቁንጮን እግር ነከሩለት። ይመኙሻል ራቅ ብላ ቆማ «አሁንስ ልየው ወይስ ዓይኔን ልጨፍን?» ብትል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ያ ሁሉ ጭንቀት በአንድ ሳቅ ወጣ።

ለመስቀል ቁንጮ መሪጌታን ተሸክሞ ደብር ወጣ። ማታ ሲመለስ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፤ ደመቀችም በአጥር ላይ ትጣራለች።

«ሰኮናውን አየሽው?» አሉ አያቷ።

«ገና ነኝ፣ አባባ። አንድ እግር ይቀረኛል።»

«ይሁን ልጄ፤ እጠብቅሻለሁ» አሉና ፈገግ አሉ።

ልጆች፣ ትንሽ የምትመስል ውሸት ንጹሕ ሰው ታስከስሳለችና፣ ያላደረጋችሁትን ነገር «አላደረግሁም» ለማለት ከቶ አትፍሩ።